ከሳሽ ከሌለ ፍርድ የለም

ክሪኬት የሚባለውን የእንግሊዞች ጨዋታ ያላወቀ ሰው ስለ እርሱ ሲነገረው አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ነጭ የለበሱ ሃያ ሁለት ጐልማሶች በሁለት ወገን ተከፍለው አምስት ቀን ሙሉ በአንድ መስክ ላይ ሲፈራረቁ ውለው፣ ምሳቸውንና ሻያቸውን በየሰዓቱ እያቋረጡ ቀምሰው፣ በአምስተኛው ቀን ማታ «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» ተብሎ እየተጨባበጡ ሲለያዩ፣ ይህን ሁሉ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው ሌላ ተግባር የለውምን የሚል ነው። ጥያቄው ለነገሩ ባዕድ ከሆነ ሰው የሚጠበቅ ነው፤ ዳሩ ግን ከአበሻ አፍ ሲወጣ እደነቃለሁ። አባቶቹ ኩታቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ጨብጠው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጠ ዳኛ ፊት «ተጠየቅ» እየተባባሉ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ፣ ስለ አንድ ክንድ የድንበር መሬት ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ይሟገቱ የነበረ ሕዝብ ልጅ፣ አምስት ቀን በዛብኝ ሊል አይገባውም። እኔ በክሪኬት ውስጥ ያገኘሁት ያንኑ የጥንቱን ሙግት ነው፤ ስለ ግጥሚያዎቹና ስለ ተጫዋቾቹ ያለኝ አስተያየትም ሁሉ፣ ሰው ቢቀበለውም ባይቀበለውም፣ ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው።

ላላየው ሰው እንዲገባው ነገሩን ባጭሩ ልግለጥ። መቺው ከበስተኋላው የተተከሉትን ሦስት ችካሎች ይጠብቃል፤ ወርዋሪው ችካሉን ለማፍረስ ኳሱን ይልካል፤ መቺው ኳሱን ካራቀው በማዶ ከቆመው ጓደኛው ጋራ ቦታ እየተለዋወጠ ይሮጣል፣ ሩጫውም ይቈጠርለታል። ችካሉ የፈረሰበት፣ የመታው ኳስ ምድር ሳይነካ የተቀለበበት፣ ወይም ወደ ችካሉ ይሄድ የነበረውን ኳስ በእግሩ የጋረደ መቺ ወጥቶ ለተከታዩ ይለቃል። የዚህ ሁሉ ሥርዓት ጠባቂ በለንደን ሎርድስ በተባለው ሜዳ የሚገኘው የሜሪልቦን ክሪኬት ክበብ ሲሆን፣ ክበቡ የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1788 ነው፤ ከዚህ በታች የሚነሡትም ዓመታት ሁሉ በእነርሱው አቈጣጠር ናቸው። ሕጉ ዛሬ 42 አንቀጽ አለው። ፍትሐ ነገሥታችን 51 አንቀጽ ያለው በመሆኑ በዘጠኝ የምንበልጣቸው ይመስላል፤ ነገር ግን የእኛው ከጳጳስ ሹመት እስከ ንጉሥ ሥልጣን፣ ከጋብቻ እስከ ውርስ፣ የነፍስንና የሥጋን ነገር ሁሉ አጠቃሎ የያዘ ሲሆን፣ የእነርሱ ስለ አንድ ኳስና ስለ ጥቂት እንጨት ብቻ የተደነገገ መሆኑን ሳስብ፣ ነገር በመውደድ እንግሊዞች ከእኛ ያንሳሉ ለማለት ድፍረት አጣለሁ።

ከነዚህ አንቀጾች መካከል ልቤን የማረከው 31ኛው ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ዳኛው የመቺውን መውጣት በዓይኑ በብረቱ ቢያየው እንኳ፣ ከተጋጣሚው ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ አቤት ካላለው በቀር ፍርድ አይሰጥም። ስለዚህም ወርዋሪውና ባልንጀሮቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ አንዳንዱም ጕልበቱን አንበርክኮ፣ «ሃውዛት!» እያሉ በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ ወራጅ ውሃ ያቆማል የሚባልለት የእኛ «በሕግ አምላክ!» ከዚህ የሚለየው በቋንቋ ብቻ ነው። ዳኛውም ፊቱን ሳያጠቍርና ሳያፈካ ጥቂት አሰላስሎ፣ ወይ አንዲት ጣቱን ወደ ላይ ያነሣል፣ ወይ ራሱን ነቅንቆ ነገሩን ይዘጋል። ከሳሽ ከሌለ ፍርድ የለም፤ የጨዋታው ምሥጢር ሁሉ፣ ተንኰሉም ቸርነቱም፣ ከዚህች አንቀጽ ይመነጫል።

ይህ ፍቅር የያዘኝ በምኖርባት በሻርጃ ነው። የዓረቦች ባሕረ ሰላጤ ለእኛ የእንጀራ አገር እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለሕንዶች፣ ለፓኪስታኖች፣ ለባንግላዴሾችና ለስሪላንካዎችም እንዲሁ ነውና፣ በዕረፍት ቀን ፀሐይ ዘወር ስትል ባዶ መሬት በተገኘበት ሁሉ፣ አሸዋም ይሁን የመኪና ማቆሚያ፣ በችካል ፈንታ ሣጥን ወይም ጡብ አቁመው የማይጫወቱበት ስፍራ የለም። ከተማይቱ ራሷ ከ1984 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ የሚካሄድበት፣ ስሙ እስከ ካራቺና እስከ ቦምቤይ የሚጠራ ስታዲየም አላት። አገሬ በዚህ ጨዋታ የምትታወቅ ባለመሆኗ፣ በምሠራበት የንግድ ቤት ያሉ ሰዎች ከወገንተኝነት የጸዳሁ መስያቸው፣ ሕንዳዊው የሒሳብ ሹምና ፓኪስታናዊው የጭነት መኪና ነጂ በተጣሉ ቁጥር፣ ድሮ መንገደኛ ተይዞ ዳኛ ይደረግ እንደ ነበረው፣ እየጐተቱ ያስቀምጡኛል። እጅ መንሻም አልተጓደለብኝም፤ ከነጂው ወገን ቢርያኒ፣ ከሒሳብ ሹሙ ወገን ሳምቡሳ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ እኔም ሁለቱንም በእኩልነት በመቀበሌ ፍርዴ እንዳይዛባ ተጠንቅቄ ኖሬአለሁ።

በመዝገባችን የመጀመሪያ ሆኖ የሰፈረው ነገር የ1986 ነው። በዚያ ዓመት አፕሪል 18 ቀን ለኦስትራል እስያ ዋንጫ ፍጻሜ ሕንድና ፓኪስታን በዚህችው በሻርጃ ሲጋጠሙ፣ ፓኪስታን ለማሸነፍ በቀረቻት አንዲት ኳስ አራት ሩጫ ያስፈልጋት ነበር። ጃቬድ ሚያንዳድ ቼታን ሻርማ የላከለትን ያችን የመጨረሻ ኳስ አንሥቶ ከድንበር ማዶ ጣላት፤ ምድር ሳትነካ ድንበር የተሻገረች ኳስ ስድስት ታስቈጥራለችና ነገሩ በዚያው ተቈረጠ። ነጂው ይህን በተረከ ቁጥር እኔም በዚያ ቀን ከደረጃው ላይ ነበርሁ ብሎ ይምላል፤ ነበርሁ ብሎ የማለልኝን ፓኪስታናዊ ሁሉ ብሰበስብ ግን ስታዲየሙ ሦስት እጥፍ ተደርጎ መሠራት ነበረበት። የሒሳብ ሹሙ ለዚህ ያቆመው መከላከያ የ1998ን ነገር ነው። በዚያው ሜዳ ሕንድ ከአውስትራሊያ ጋራ ስትጫወት የአሸዋ ማዕበል ተነሥቶ ጨዋታውን አቋረጠው፤ ያም ሆኖ ሳቺን ቴንዱልካር 143 ሩጫ አስቈጥሮ አገሩን ለፍጻሜ አበቃት፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ 25 ዓመት በሞላው ዕለት፣ 134 ጨምሮ ዋንጫውን አስገኘላት። ነጂው በዚህ ጊዜ ጕሮሮውን ጠርጎ፣ «ማዕበል ተነሣ ባሉበት በመጀመሪያው ቀን ያሸነፈው ማን ነው?» ይላል። ያሸነፈችው አውስትራሊያ ናት። ሕንዶች ግን የተሸነፉበትን ቀን ካሸነፉበት እኩል ያከብሩታል፤ እኔም በዚህ ነገር ፍርድ ስጠየቅ፣ ማዕበሉን ምስክር አድርጎ መጥራት ስለማይቻል፣ መዝገቡ እንዲያድር አዝዣለሁ።

ከአወጣጥ ሁሉ ለሙግት የሚመቸው እግርን በኳስ ፊት መጋረድ ነው። በዓለም ያለ ዳኛ ሁሉ የሆነውን ነገር መርምሮ ይፈርዳል፤ የክሪኬት ዳኛ ግን በዚህ አንቀጽ የሚመረምረው ሊሆን ሲል የቀረውን ነው፤ ይህ እግር በዚህ ስፍራ ባይኖር ኖሮ ይህ ኳስ ችካሉን ይመታ ነበርን ብሎ ራሱን ጠይቆ፣ ዓይን በማይጨፈንበት ቅጽበት መልሱን መስጠት አለበት። በዘመናችን በካሜራና በስሌት የሚሠራ መሣሪያ መጥቶ ይግባኝ ተፈቅዷል። መሣሪያው ኳሱ ሊሄድበት የነበረውን መንገድ ይሥላል፤ ነገር ግን ከኳሱ ከግማሽ ያነሰው ብቻ ችካሉን የሚነካ ሆኖ ሲገኝ፣ ሜዳ ላይ ያለው ዳኛ አስቀድሞ የተናገረው ይጸናል። ከዚህም የተነሣ አንዱ ኳስ፣ አንዱ እግርና አንዱ ችካል እያሉ፣ ዳኛው ውጣ ካለ መቺው ይወጣል፣ አትውጣ ካለም ይቀራል። ብዙ ሰዎች በዚህ ይናደዳሉ፤ እኔ ግን መሣሪያ ለሽማግሌ ዳኛ እንዲህ ያለ ክብር መስጠቱን ሳይ ደስ ይለኛል።

ይግባኝ ግን እንደ ልብ የሚረጭ ነገር አይደለም፤ ለየወገኑ በቁጥር ተወስኖ ይሰጣልና በከንቱ ያጠፋው ሰው በክፉ ቀን ባዶ እጁን ይገኛል። ለዚህ በ2019 ሊድስ ውስጥ ሄዲንግሊ በተባለው ሜዳ ከሆነው የበለጠ ምሳሌ የለም። እንግሊዝ ከአውስትራሊያ ጋራ ተጋጥማ፣ በመጀመሪያው ዙር በ67 ሩጫ ብቻ ወድቃ፣ ለማሸነፍ 359 ስትፈልግ፣ የመጨረሻው ጥንድ ሜዳ ሲገባ ገና 73 ቀርቷት ነበር። ቤን ስቶክስ ከወዲህ ኳሱን ወደ ሰማይ ይሰዳል፤ ጃክ ሊች ከወዲያ መነጽሩን እየወለወለ ችካሉን ይጠብቃል። ሁለት ሩጫ ብቻ ሲቀር ኔተን ላየን የላከው ኳስ የስቶክስን እግር መታ፤ አውስትራሊያውያን ሰማይ እስኪሰማ ጮኹ፤ ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። መሣሪያው በኋላ እንዳሳየው ኳሱ ችካሉን ይመታ ነበር፤ ነገር ግን አውስትራሊያ የቀረቻትን አንዲት ይግባኝ ከጥቂት ኳስ በፊት ለማይረባ ነገር አባክናት ስለ ነበር የምታነሣው ቃል አልነበራትም። ወዲያው ስቶክስ ጨረሰው። ዓለም ሁሉ የስቶክስን 135 ያወድሳል፤ እኔ ግን የምሰግደው ለሊች ነው፤ 17 ኳስ ተቀብሎ ያስቈጠራት አንዲት ሩጫ፣ አንዲት ብቻ፣ በዚህ ጨዋታ ታሪክ ከአንዳንድ ሰው መቶ ሩጫ ትበልጣለች።

ወደ ተጫዋቾች ማዕርግ ስንመጣ የሙግቱ ሁሉ ራስ ዶናልድ ብራድማን ነው። ይህ አውስትራሊያዊ ቴስት በሚባለው ረጅም የአገሮች ግጥሚያ 52 ጊዜ ተጫውቶ ያገኘው የሩጫ አማካይ 99.94 ሲሆን፣ በ1948 ለንደን በኦቫል ሜዳ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጣ አራት ሩጫ ቢጨምር መቶ ይሞላለት ነበር፤ ኤሪክ ሆሊስ ግን በሁለተኛው ኳስ ያለ አንዳች ሩጫ ሸኘው። የሒሳብ ሹሙ እዚህ ላይ ብርቱ ነገር ያነሣል፤ ብራድማን ቴስት የተጫወተው በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ምድር ብቻ ነው፤ ቴንዱልካር ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ በካራቺ ጀምሮ፣ በ2013 በቦምቤይ እስኪሰናበት ድረስ፣ በዓለም ዙሪያ ተዘዋውሮ መቶ ጊዜ መቶ ሩጫ የሞላ ብቸኛ ሰው ነው። ነጂውም ዝም አይልም፤ መቶኛውን መቶ በ2012 በዳካ ሲሞላ ሕንድ በባንግላዴሽ መሸነፏን ያስታውሳል። ይህን ነገር እኔ በዕርቅ ጨርሼዋለሁ፤ ምክንያቱም ብራድማን ራሱ በስተርጅናው ቴንዱልካርን በቴሌቪዥን አይቶ፣ ይህ ልጅ የሚጫወተው እንደ እኔ ነው ብሎ ለሚስቱ መስክሯል። ባላጋራ ከመሰከረ በኋላ ሌላ ምስክር መጥራት የዳኛን ጊዜ ማባከን ነው። ስለ ዜሮዋ ግን የራሴ አስተያየት አለኝ፤ 99.94 የሚለው ቁጥር ፍጹም መቶ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ሰው አንድ ጊዜ አድንቆ ይተወው ነበር፤ ያች የጐደለችው ስድስት መቶኛ ናት ሰማንያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ሰውን ስታነጋግር የኖረችው።

ቁጥር ክርክርን ይቈርጣል የሚል ሰው ብሪያን ላራን አያውቅም። የትሪኒዳዱ ላራ በ1994 በአንቲጓ በእንግሊዝ ላይ 375 አስቈጥሮ የዓለምን ክብር ያዘ፤ በ2003 ማቲው ሄይደን በዚምባብዌ ላይ 380 አስቈጥሮ ክብሩን ወሰደበት፤ ላራ በ2004 በዚያው በአንቲጓ ሜዳ፣ በዚያችው በእንግሊዝ ላይ፣ 400 ሞልቶ ሳይወጣ አስመለሰ። ርስቱን የተነጠቀ ሰው በዚያው ዳኛ ፊት፣ በዚያው ዛፍ ሥር፣ በዓመቱ ሳይሞላ ሲያስፈርድ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስት ለአበሻ መንገር አያስፈልግም። ለራሱ ክብር ብሎ ረጅም ስለ መታ ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ቀረ የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ እነዚህ ሰዎች ርስት የሌላቸው መሆን አለባቸው።

በትዕግሥት ነገር ደግሞ ሁለት ሰዎችን አነጻጽራለሁ። በ1958 በባርቤዶስ፣ ፓኪስታን በ473 ሩጫ ተበልጣ ወዲያው ዳግመኛ እንድትመታ በተገደደች ጊዜ፣ ሐኒፍ ሙሐመድ ገብቶ 970 ደቂቃ ቆመ፤ ይህም ከአሥራ ስድስት ሰዓት የሚበልጥ ነው፤ 337 ሩጫ አስቈጥሮም አገሩን ከሽንፈት አዳነ። በ1975 በመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ደግሞ፣ እንግሊዝ 334 ካስቈጠረች በኋላ፣ ሕንዳዊው ሱኒል ጋቫስካር 60 ኦቨር ሙሉ (ኦቨር ስድስት ኳስ የሚወረወርበት ተራ ነው) ሳይወጣ ቆሞ፣ 174 ኳስ ተቀብሎ 36 ሩጫ ብቻ አስቈጠረ። ሁለቱም የታገሡት ትዕግሥት አንድ ነው፤ የሐኒፍ ጊዜ ያለው ስለ ሆነ ገድል ሆነ፣ የጋቫስካር ግን ቀነ ቀጠሮው በዚያው ማታ የሚያበቃ ስለ ነበር እስከ ዛሬ ትርጓሜ የሚፈለግለት ምሥጢር ሆኖ ቀረ። የሒሳብ ሹሙ በዚህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ስልክ እንደ ተደወለለት አድርጎ ይወጣል።

ዛሬ በሃያ ሃያ ኦቨር በሦስት ሰዓት ያህል የሚያልቀው ጨዋታ ዓለምን ይዟል። አልጠላውም፤ ነገር ግን ይህ ቡና ሳይሰክን እንደሚቀዳ ጀበና ነው፤ ትኵስ ነው እንጂ አተላ ይበዛበታል። የእኔ ፍላጎት ወደ ሌላው ጫፍ ያዘነብላል። በ1939 በደርባን ደቡብ አፍሪካና እንግሊዝ የቀን ገደብ የሌለው ቴስት ጀመሩ፤ አንዱ እስኪያሸንፍ ድረስ ምን ጊዜም እንዳይቆም ተስማሙ። ጨዋታው ማርች 3 ተጀምሮ እስከ ማርች 14 ዘለቀ፤ እንግሊዝ ለማሸነፍ 696 ሲያስፈልጋት 654 ደረሰች፤ 42 ብቻ ሲቀራት ዝናብ ወረደ፤ ቡድኑን ወደ አገሩ የሚወስደው መርከብ ደግሞ ከኬፕታውን ሊነሣ ቀርቦ ነበር። ስለዚህ ገደብ የለሽ የተባለው ሙግት መርከብ እንዳያመልጥ ተብሎ ያለ ፍርድ ተዘጋ። ሰው ከጊዜ ጋራ ስምምነት ሲያደርግ ጊዜን ሳያስጠራ እንደሚፈርም ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም።

ፍርድ ካልቀረ ደግሞ ምን ሊመጣ እንደሚችል በ2019 በሎርድስ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ታየ። ኒውዚላንድና እንግሊዝ እኩል 241 አስቈጠሩ፤ ተጨማሪ ኦቨር ተሰጣቸው፣ በዚያም እኩል 15 አስቈጠሩ፤ በመጨረሻ የየወገኑ ድንበር ያለፈ ኳስ ተቈጥሮ፣ 26 ለ17፣ ዋንጫው ለእንግሊዝ ተሰጠ። ከዚያ በፊት በመጨረሻው ኦቨር፣ ስቶክስ ሲሮጥ ተወርውሮ የነበረ ኳስ በመምቻው ተፈናጥሮ ድንበር አልፎ ስድስት ተቈጠረለት፤ ሰውየውም ሆን ብሎ እንዳላደረገው ለማሳየት እጁን አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አምስት መሆን ነበረበት የሚሉ ሊቃውንትም ተነሥተው ነበር። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቈጨኛለች» ይላል ያገሬ ሰው፤ የኒውዚላንዶች ዕድል ግን ከዚህ ተረት የከፋ ነው፤ በቅሎዋም ጭብጦዋም በሕግ ሄዱባቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ያንን የድንበር ቈጠራ ሕግ ሻረው፤ በቅሎዋ ግን አልተመለሰችም። የኒውዚላንዱ አለቃ ኬን ዊልያምሰን ይህን ሁሉ በፈገግታ ተቀበለው፤ እኔ በእርሱ ፈንታ ብሆን እስከ ዛሬ ድረስ በሎርድስ ደጅ አቤት እል ነበር።

አሁን ወደ 31ኛው አንቀጽ ልመለስ፤ ክስ በዳኛ እጅ ሳይሆን በተጫዋች አፍ እንዲቀመጥ የተደረገበት ትርፍ የሚታየው እዚህ ነውና። በ2023 የዓለም ዋንጫ በደልሂ፣ የስሪላንካው አንጀሎ ማቲውስ ለመምታት ገብቶ ሳለ የቍሩ ማሰሪያ ተበጠሰበት፤ ሌላ እስኪያመጡለት ጊዜው አለፈ፤ የባንግላዴሹ አለቃ ሻኪብ አል ሐሰን ከሰሰ፤ ዳኞቹ ክስህን ታነሣለህን ብለው ጠየቁት፤ አላነሣም አለ። በዓለም አቀፍ ጨዋታ በጊዜ ማለፍ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ማቲውስ ሆነ። እርሱም ዋል አድርጎ ሻኪብን በራሱ ኳስ ባስወጣው ጊዜ፣ የእጅ ሰዓቱ የሚታሰርበትን ስፍራ በጣቱ እየነካ ሸኘው። ሻኪብ በሕግ ትክክል ነበር፤ ሕግ ግን ክስ ለማንሣትም መንገድ አዘጋጅቶ ነበርና ያን ዕለት ሳይጠቀምበት ቀረ።

የሕንዱ አለቃ ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ግን ተጠቅሞበታል። በ2011 በኖቲንግሃም የእንግሊዙ ኢያን ቤል ኳሱ ድንበር ያለፈ መስሎት ወደ ሻይ ሲሄድ ችካሉ ፈረሰበት፤ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፤ በሻይ ሰዓት የእንግሊዝ ሹሞች መጥተው ሲለምኑት ዶኒ ክሱን አነሣ፤ ቤልም በ137 ተመልሶ 159 አደረሰ። ሕንድ በዚያ ግጥሚያ ክፉኛ ተሸነፈች፤ ዶኒን የሚነቅፈው ግን ዛሬም ሰው የለም፤ የሒሳብ ሹሙ እንኳ አይነቅፈውም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው ግን የጃማይካውን ኮርትኒ ዋልሽን ነው። በ1987 የዓለም ዋንጫ በላሆር፣ ፓኪስታን ከዌስት ኢንዲስ ጋራ ተጋጥማ፣ የመጨረሻው ኳስ በዋልሽ እጅ ሳለ፣ በማዶ የቆመው የፓኪስታን የመጨረሻ ሰው ሳይፈቀድለት ከስፍራው ወጥቶ ነበር። ዋልሽ ችካሉን ነክቶ ነገሩን ሊጨርስ ሲችል ቆመ፤ ችካሉን ሳይነካ ሰውየውን አስጠንቅቆ መለሰው። ቀጥሎ በላከው ኳስ ፓኪስታን አሸነፈች፤ ዌስት ኢንዲስም፣ ሁለት ጊዜ የዓለም ዋንጫ የወሰደች ቡድን፣ ለግማሽ ፍጻሜ ሳትደርስ ቀረች። በቴስት የመጀመሪያው የአምስት መቶ ዊኬት ባለቤት፣ ማለት አምስት መቶ ጊዜ መቺ ያስወጣ ሰው፣ አንዲቱን ዊኬት ቢፈልጋት የሚያገኛት መሆኑን እያወቀ ተዋት። ዳኛው ራሱ አይቶ የሚፈርድ ቢሆን ኖሮ ዋልሽ ይቅር የሚለው ነገር አይኖረውም ነበር፤ የመክሰስ መብት ከሌለበት ስፍራ ምሕረትም ስፍራ የለውምና፣ ያች ሙግት የምታበዛ አንቀጽ ዝምታንም ዋጋ ያለው ነገር አድርጋዋለች። ሙግት ወዳድ ሆኜ ሳለሁ ከሙግተኞች ሁሉ ያልከሰሰውን ማስበለጤ የሚያስገርም ሊመስል ይችላል፤ ሲሟገቱ ያረጁ ሽማግሌዎች ግን ነገር መተው የቱን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቃሉ።

ይህን ፍርድ በንግድ ቤታችን ባሰማሁ ጊዜ የሒሳብ ሹሙ ክፉኛ ተቃወመኝ፤ ዋልሽ በቴስት 43 ጊዜ ያለ አንዳች ሩጫ የወጣ፣ መምቻውን እንደ ተውሶ ዕቃ የሚይዝ ሰው ሆኖ ሳለ፣ መቶ ጊዜ መቶ ከሞላ ሰው በላይ እንዴት ይቀመጣል ብሎ፣ መዝገብ አገላብጦ፣ አማካይ ደምሮና ቀንሶ ረጅም ማመልከቻ አቀረበ። ማመልከቻውን በትዕግሥት ሰምቼ ውድቅ አደረግሁት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሳምቡሳው ቀርቶብኛል፤ የነጂው ቢርያኒ ግን እጥፍ ሆኗል፤ ስለዚህም ፍርዱን እንደ ገና ለማየት የሚያስገድድ አዲስ ምክንያት አላገኘሁም።